ውሻ የነከሰው ሰው ካሣ መጠየቅ ይችላል
(ለመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

 በሶዶ፣ በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በሁምቦ፣ በገሱባ፣ በየመማሪያ ጣቢያው ተሰብስባችሁ የምታዳምጡ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? ይህን ንግግር በኋላ በወረቀት ታትሞ ለምታነቡትም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከወጣሁ ወዲህ ቀን ቀን ልጆችን፣ ማታ ማታ አዋቂዎችን አስተምራለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ዛሬ የምነግራችሁም ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ከሕጉ መጽሐፍ ሊያገኘው የሚችለውን ነው።

የዛሬው ነገራችን ስለ ውሻ ነው። አትሳቁ፤ ቀላል ነገር አይደለም።

በእኛ አገር ውሻ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ሌሊት ጅብን ከበረት የሚያባርርልን፣ ጃርትን ከእንሰቱና ከስኳር ድንቹ የሚከለክልልን ውሻ ነው። ውሻ ባለውለታችን ነው። ግን ባለውለታም ይነክሳል። ሲነክስ ሁለት ጥያቄ ይመጣል። አንዱ የነፍስ ነው፤ ሁለተኛው የገንዘብ ነው። የነፍሱን እናስቀድም፤ ምክንያቱም የሞተ ሰው ካሣ አይበላም።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ይጠብ። ለአንድ አፍታ ብቻ አይደለም፤ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ። ቅጠል፣ አመድ፣ የቡና ዱቄት ቁስሉ ላይ አይደረግ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ ክትባቱን በጊዜ የወሰደ ሰው ግን ይድናል። በቀድሞ ጊዜ ክትባቱ ሆድ ላይ ነበር የሚወጋው፤ ብዙ ቀንም ይወስድ ነበር። ያንን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም መርፌውን ሲፈሩ አያለሁ። የዛሬው ክንድ ላይ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሐኪሙ በሚነግራችሁ ቀን ሁሉ ሂዱ። «ቁስሉ ደርቋል» ብላችሁ መሐል ላይ አታቋርጡ።

ስለ ውሻውም አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው በንዴት ወዲያው ይገድለዋል። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከሆነ አትግደሉት። ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። በዚህ ጊዜ ቢታመም ወይም ቢሞት ለሐኪሙ ንገሩ። እናንተ ግን 10 ቀኑ እስኪያልቅ ብላችሁ ክትባቱን አታዘግዩ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ስም አልጠራም። ቦታውን ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ካሉት ቀበሌዎች አንዱ ነው በሉት።

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የጎረቤት ውሻ ገመዱን በጥሶ ያዛት። ባቷን ነከሳት። ለመከላከል እጇን ብትሰነዝር ቀኝ እጇንም ነከሳት። የእጇ ጅማት ተጎዳ። ክትባቱም ሕክምናውም በጊዜው ደረሰላት፤ ነፍሷ ዳነች። ጣቶቿ ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አሉ። እርሳስ መያዝ አቃታት።

እናቷ ቅቤ ነጋዴ ናት። በየገበያው እየዞረች ነው የምትኖረው። ልጅቷን ወደ ሆስፒታል ስታመላልስ ብዙ ገበያ አለፋት። የመኪና ከፈለች፤ የመድኃኒት ከፈለች፤ ከእቁቧም ተበደረች። የውሻው ባለቤት ደግሞ የሰፈሩ ታላቅ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። በሦስተኛው ቀን መጥተው፣

«አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ከእግዜር የመጣ ነው። ገመዱ ተበጠሰ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሏት።

«እርስዎን አባቴ አልቀየምኩም፤ ግን ልጄ እጇን አጣች» አለች።

አድማጮች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ገመዱ ተበጠሰ፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ መልስ አለው። መልሱ የተጻፈው በፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ማለት ሰውና ሰው ስለ ንብረት፣ ስለ ውል፣ ስለ ጉዳት ሲካሰሱ የሚዳኝበት ሕግ ነው። ይህ ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ረኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ምሁር ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ንጉሡም ደርግም አልፈዋል። ስለ ጉዳትና ስለ ካሣ የሚናገረው ክፍል ግን ዛሬም ይሠራል።

ቁጥር 2071ን ፈልጉ። የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት አላፊ ነው። እንስሳው በድንገት አምልጦም ቢሆን አላፊ ነው። ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ የማይታሰብ ቢሆንም አላፊ ነው። አላፊ ማለት ተጠያቂ፣ ከፋይ ማለት ነው።

ስለዚህ «ገመዱ ተበጠሰ» ማለት ከመክፈል አያድንም። «እኔ ቤት አልነበርኩም» ማለትም አያድንም። «ሌላ ሰው ነው የፈታው» ማለትም በተጎዳው ሰው ፊት አያድንም። ሕጉ የባለቤቱን ጥፋት አይጠይቅም። ውሻው የማን ነው? ጉዳቱን ያደረሰው ይህ ውሻ ነው ወይ? የሚጠይቀው ይህን ነው። ይህ ለእኔ ትክክለኛ ሚዛን ይመስለኛል። በውሻው የሚጠቀመው ባለቤቱ ነው፤ መንገደኛዋ ልጅ ምን ተጠቀመች?

ባለቤቱን የሚረዳ አንድ መልስ አለ። ይኸውም የተጎዳው ሰው ራሱ ጥፋት ሠርቶ እንደሆነ ነው። ሰው አጥር ዘሎ ቢገባ፣ የታሰረ ውሻ በድንጋይ ቢደበድብ፣ ካሣው ሊቀነስ ወይም ጭራሽ ሊቀር ይችላል። ይህን በቁጥር 2086 ታገኙታላችሁ። ልጅቷ ግን በመንገዷ ነበረች።

ውሻውን ለጥቅሙ ወስዶ የያዘ ሰውም አለ። ለምሳሌ ለመጋዘን ጥበቃ ብሎ የዘመዱን ውሻ ተውሶ ያሰረ ሰው፣ በእጁ ሳለ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ይሆናል። ባለቤት የሌለው የመንገድ ውሻ ቢነክስ ግን የምትከሱት ባለቤት አታገኙም። ያን ጊዜ ያላችሁ ሳሙናውና ክትባቱ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ወላይታ ውስጥ ጉታራ ላይ ተቀምጦ መነጋገር የአባቶች ወግ ነው፤ ጥሩ ወግ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት በፍርድ ቤት ሲካሰስ ዓመት ያልፋል፤ ቂሙ ደግሞ ከዓመትም ያልፋል። ሽማግሌዎቹ ነገሩን አዩ። የውሻው ባለቤት ተነሥተው፣ «እንግዲያው ውሻውን ውሰጂው፤ የፈለግሽውን አድርጊው» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ነገር ግን አያስቅም። ሕጉም ይህን ያውቀዋል! በቁጥር 2074 የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በማስረከብ ከአላፊነት ሊድን ይችላል ይላል። ይህ አሳብ ከጥንት ከሮማውያን ጀምሮ የነበረ ነው። በሬ ከሆነ ያስኬዳል፤ በሬ ይሸጣል፣ ያርሳል። ውሻ ሲሆን ግን ለተጎዳው ሰው ምን ይሆነዋል? እኔን ብትጠይቁኝ ይህ አንቀጽ ለላምና ለበሬ የተሰፋ ልብስ ነው።

ሕጉ ግን ለዚህም በር ዘግቷል። ባለቤቱ ራሱ ጥፋት ካለበት እንስሳውን ሰጥቶ መገላገል አይችልም። ጥፋት ማለት ምን ማለት ነው? ውሻው ተናካሽ መሆኑን እያወቀ ባረጀ ገመድ ያስራል። በሩን ክፍት ትቶ ይሄዳል። መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21ን አስታውሱ። እዚያም ስለ ተዋጊ በሬ ተጽፏል። በሬው ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት ያልጠበቀው እንደሆነ ፍርዱ ይከብድበታል። አሳቡ ተመሳሳይ ነው።

አንዲት አሮጊት ከወደ ኋላ ተነሡና፣ «ይህ ውሻ አምና እንጨት ሻጩን ልጅ አልነከሰም ወይ? ያን ጊዜ ‹ሰንሰለት ግዛ› ብዬህ አልነበረም?» አሉ። ጉባኤው ዝም አለ። ይህ የአሮጊቷ ቃል ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ነው ምስክር መፈለግ ያለባችሁ። ውሻው ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ያየውን ሰው ስም ጻፉ።

ከዚህ በኋላ ባለቤቱ 500 ብር አቀረቡ። አንድ ልጅ ወረቀት ጽፎ አመጣ። «በይ ጣትሽን አስነኪ» ተባለች።

እናቷ የማታ ተማሪ ናት። ማንበብ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ቶሎ አታነብም። ወረቀቱን ተቀበለችና በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል አነበበች። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። አንዳንዱ ያጉረመርማል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «ከእንግዲህ ወዲያ ስለዚህ ጉዳት ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም።»

«ይህችን መስመር አልፈርምም» አለች። «ሐኪሙ የልጄ እጅ ገና ይታያል ብሎኛል። ያልታየውን እጅ እንዴት አድርጌ እተወዋለሁ?»

አድማጮቼ፣ ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። እርቅ ማለት በሕግ ፊት ቀላል ነገር አይደለም። ሰዎች ክርክራቸውን በስምምነት ከጨረሱ፣ ስምምነቱ በመካከላቸው እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል፤ ቁጥር 3312 ነው። ኋላ «አላወቅሁም ነበር» ብሎ መመለስ ከባድ ነው። 500 ብር የመጀመሪያውን ሳምንት መድኃኒት እንኳ አልሸፈነም።

ስለ ጣት አሻራም አንድ ነገር ስሙ። በቁጥር 1728 ሕጉ ማንበብና መጻፍ ለማይችለው ሰው ይጠነቀቅለታል። ያልተማረ ሰው በወረቀት ላይ ያደረገው የጣት ምልክት ወይም ፊርማ፣ ውል አዋዋይ ሹም ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በስተቀር አያስገድደውም። ይህ ጥበቃ ላልተማረው ነው። እናንተ አሁን ተምራችኋል። ስማችሁን ጽፋችሁ የፈረማችሁት ወረቀት ያስራችኋል። ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ አንዱ የማስተማሪያ ቋንቋ ነበር። ያን ጊዜ ከተማሩት ብዙዎቹ በመጀመሪያ የጻፉት ስማቸውን ነው፤ በስማቸውም ይደሰቱ ነበር። መደሰቱ መልካም ነው። ግን ስም ከመጻፍ በፊት ከስሙ በላይ ያለውን ማንበብ አለ። ካልገባችሁ «ነገ እመልሳለሁ» በሉ። ወረቀት አይሸሽም።

እንግዲህ ምን መጠየቅ ይቻላል? ሕጉ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። የሕክምናው፣ የመድኃኒቱ፣ የመጓጓዣው ወጪ ይጠየቃል። በሕመሙ ምክንያት የቀረ የሥራ ገቢም ይጠየቃል። ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳትም አሁኑኑ ሊጠየቅ ይችላል፤ ለምሳሌ ሐኪሙ «ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል» ብሎ ከጻፈ። ለሥቃዩና ለኀዘኑ የሚሰጥ የኅሊና ካሣም አለ። ይህ ግን ከ1000 ብር አይበልጥም፤ ቁጥር 2116 ነው። በ1952 ዓ.ም. 1000 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ስንት ኪሎ ቅቤ እንደሚገዛ ለቅቤ ነጋዴዋ አልነግራትም፤ እሷ ታውቀዋለች። ሕጉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ያው ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በወጪውና በቀረው ገቢ ላይ ይሁን።

ወጪውን ማን ያውቃል? ደብተር ያውቃል። እናቲቱ የልጇን አሮጌ ደብተር ወስዳ እንዲህ ስትጽፍ ነበር፦

ጥቅምት 12። ሆስፒታል። መኪና 60 ብር። ካርድ ወጣ።
ጥቅምት 15። ሁለተኛ መርፌ። መኪና 60 ብር። ገበያ አልሄድኩም።
ጥቅምት 19። ሦስተኛ መርፌ። የቁስል መድኃኒት። ደረሰኝ አለ።

ፊደሏ ጠማማ ነው። «ሆስፒታል» የሚለውንም አሳስታዋለች። ምንም አይደል። ቀኑ አለ፤ ገንዘቡ አለ፤ ደረሰኙም በደብተሩ ውስጥ ተጣጥፎ አለ። በሽማግሌዎቹ ፊት ደብተሩን ስትዘረጋ የተከራከራት ሰው አልነበረም። አፍ ይረሳል፤ በአፍ የተነገረ ወጪ በየቀኑ ያድጋል ወይም ያንሳል። እናንተም ጉዳት ሲደርስባችሁ በዚያው ቀን ጀምሩ። የሆስፒታሉን ካርድ አትጣሉ። ሐኪሙ የጉዳቱን መጠን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ለፖሊስም አመልክቱ፤ ቃላችሁ በመዝገብ ይጻፋል። ሰው ሆን ብሎ ውሻ ቢለቅባችሁ ነገሩ ወንጀል ነው። በቸልተኝነት የሰው አካል ማቁሰልም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል።

ሽምግልናው ባይሳካስ? ያን ጊዜ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት መሄድ ነው። ክሱ በጽሑፍ ይቀርባል። ማን ማንን እንደሚከስ፣ ውሻው የማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደነከሰ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠየቅ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ ይጻፋል። ለልጅ ወላጅ በሞግዚትነት ይከሳል። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ልክሰስ ብሎ ማመልከት ይችላል፤ ለዚህ ችግረኛ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከቀበሌው ይዞ ይሂድ። በፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ይጻፉላችሁ፤ ግን ጽፈው ሲጨርሱ «አንብብልኝ» ሳይሆን «ስጠኝ፣ ላንብበው» በሉ።

አሁን የምለውን ደግሜ እላለሁ፤ እርሳስ ያዙ። ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ካለፈ ተከሳሹ «ይርጋ» ይላል። ይርጋ ማለት የመክሰሻ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። ቁጥር 2143 ነው። በዚህ ብዙ ሰው ይጎዳል። «ነገ እከፍልሃለሁ፣ ቡናው ሲደርስ፣ ከጊፋታ በኋላ» እየተባለ ጊዜው ይሄዳል። ሁለት ጊፋታ ካለፈ ደግሞ በሩ ይዘጋል። ሽምግልናው እየሄደም ቢሆን ቀኑን ቁጠሩ።

የእኛዋ እናት ፍርድ ቤት አልሄደችም። አሮጊቷ ከተናገሩ፣ ደብተሩም ከተነበበ በኋላ ሽማግሌዎቹ ወረቀቱ እንደገና ይጻፍ አሉ። የውሻው ባለቤትም አንገታቸውን ደፍተው እሺ አሉ። ልጅቷ በግራ እጇ መጻፍ እየተማረች ነው። ፊደሏ ከእናቷ ፊደል ጋር ይመሳሰላል።

አዲሱ ወረቀት እንዲህ ይላል። በየጣቢያው አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሌሎቻችሁ በደብተራችሁ ጻፉ፦

«እኔ የውሻው ባለቤት፣ ውሻዬ ጥቅምት 12 ቀን ልጅቷን መንከሱን አምናለሁ። እስከ ዛሬ የወጣውን የሕክምናና የመጓጓዣ ወጪ በደብተሩ መሠረት በሙሉ እከፍላለሁ። እናቷ ገበያ ለቀረችበት ቀን እከፍላለሁ። ክፍያውን በሦስት ጊዜ፣ በኅዳር 1፣ በታኅሣሥ 1 እና በጥር 1 እጨርሳለሁ። ሐኪም ለእጇ ተጨማሪ ሕክምና ቢያዝ ወጪውን እችላለሁ። ውሻውን በሰንሰለት አስራለሁ። የእጇ ሕክምና ሳያልቅ እናቷ ጥያቄዋን አልተወችም።»

ከሥሩ የሁለቱ ፊርማ አለ። የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማም አለ። ቀንም አለ፤ ዓመተ ምሕረቱም ተጽፏል። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ከእሳቸው ዘንድ፣ አንዱ ከእሷ ዘንድ ተቀምጧል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብተራችሁን ለጣቢያው መምህር አሳዩ። ደህና እደሩ።